አካፋ ይዘው ስላልመጡት ጎረቤቶቻችን

ለክቡር አቶ ፍሉሪን ዳርምስ
የፕላውንካ መንደር ምክር ቤት ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ አዲሶቹ ነዋሪዎቻችን ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ክረምቱ ረጅም፣ መንገዱም አንሸራታች ስለነበር፣ ደግሞም ከሕንፃ ሠሪዎችና ከቤት ገዢዎች ጋር በየሳምንቱ ግብዣ ላይ መቀመጥ ሰውነትን ምን ያህል እንደሚያደክም ስለምረዳ፣ ጉልበትዎም ጉበትዎም ደኅና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኛ መጠየቅ ቢያምርዎ፣ እኛ ደኅና ነን፤ በረዶው ቀልጧል፣ ላሞቹ ከበረት አውጡን እያሉ ይጮኻሉ፣ የቀረነውም ሰዎች እስካሁን እዚሁ አለን።

ምናልባት በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ባርላ ዴፕላዝ ነኝ፤ የሸለቆውን አውቶቡስ ለብዙ ዓመታት የነዳሁ፣ እርስዎንም በልጅነትዎ አፍንጫዎን እየጠረግሁ ትምህርት ቤት ያመላለስሁ ሴት። ዘንድሮ ደግሞ ዕጣው በእኔ ላይ ወድቆ የወል ሥራ አለቃ ሆኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በመንደሩ ምንጭ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁትና ለሸለቆው ጋዜጣ የላክሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ በትሕትና “ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለምትለኝ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ድረስ መንደርተኛው የሚያነበው ነገር እንዳያጣ ብዬ ነው።

አንደኛ። የመጀመሪያው ጉዳይ ምስጋና ነው። እንደ እኛ ባለቤቶቻቸው ለእረፍት ብቻ በሚመጡባቸው ቤቶች በተጨናነቀ መንደር ውስጥ አዲስ መኖሪያ የሚሠራው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ለሚኖር ሰው ብቻ መሆኑን የአገራችን ሕግ ያዛል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው የወል መስክ ላይ “የበረዶ ዘውድ” የተባለው ሕንፃ እንዲቆም የመንደሩን ጉባኤ በጠየቁ ጊዜ ይህንኑ ሕግ ጠቅሰው፣ “እናንተ እጃችሁን ብቻ አውጡ፣ የቀረውን ለእኔ ተዉት! ቤቱ ለማን ነው? ለልጆቻችሁ! ከእንግዲህ ቤት አጣሁ ብሎ ታች ከተማ የሚወርድ ልጅ አይኖርም” ብለውን ነበር። እጁን ያላወጣ አልነበረም። አሁን ሕንፃው አልቋል፤ ያማረም ነው። የጫማ ማሞቂያ ክፍል አለው፣ የወይን ጠጅ ማኖሪያ አለው፣ ከመኝታ ቤት በቀጥታ ወደ በረዶ ሸርተቴው የሚያስወጣ በር አለው፣ ውሾች በሞቀ ውሃ የሚታጠቡበት ገንዳ ሳይቀር አለው። የልጆቻችን ቦታ ብቻ ተረስቷል።

አፓርታማዎቹ በሙሉ በገና ሰሞንና በየካቲት የእረፍት ሳምንት ብቅ ለሚሉ የዙሪክና የሃምቡርግ ሰዎች ተሸጡ። እርስዎም በብልሃትዎ እነዚህን ሰዎች በሙሉ የፕላውንካ ቋሚ ነዋሪ አድርገው ስላስመዘገቧቸው፣ ሕጉም አልተነካ፣ ሽያጩም አልተደናቀፈ። አንድም ሴት ሳታምጥ የመንደራችን ሕዝብ በአንድ ክረምት እንዲህ ሲበዛ ያየ ሌላ ሊቀመንበር በዚህ ሸለቆ ውስጥ አይገኝም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ጎረቤቶች መሰሉዎ! አመሻሽ ላይ የሁሉም መስኮት መዝጊያ እኩል ይወርዳል፣ የሁሉም ሳሎን መብራት እኩል ቦግ ይላል፣ የሁሉም መኝታ ቤት እኩል ድርግም ይላል። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። አጠገቤ የሚኖረው ሽማግሌው ኦኖሪ አንድ ቀን በመስኮት እያያቸው፣ “ባርላ፣ እነዚህ ሰዎች አያስሉም፣ አይጣሉም፣ ቆሻሻ እንኳ አያወጡም፤ መላእክት ይሆኑ እንዴ?” አለኝ። መዝጊያውንም መብራቱንም የሚያንቀሳቅሰው ማሽን መሆኑን ብነግረው፣ “ታዲያ ሊቀመንበሩ የመዘገበው ማሽኑን ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ስለማላውቅ ጥያቄውን በዚሁ አጋጣሚ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ሁለተኛ። ልጄን ላዲናን ያውቋታል፤ እናትዎን እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ እየተመላለሰች ያጠበቻትና መድኃኒቷን ያዋጠቻት የሸለቆው ነርስ ናት። ከባሏ ከዱሪና ከሁለቱ ልጆቿ ጋር የምትኖርበትን ያረጀ የእንጨት ቤት ወራሾቹ “የበረዶ ዘውድ”ን ለሠራው ኩባንያ ስለሸጡትና ሊፈርስም ስለሆነ፣ በሰኔ መጨረሻ እንድትለቅ ተነግሯታል። ላዲናም በሊቀመንበሯ ቃል የምታምን ዜጋ ናትና፣ ቤቱ ለልጆቻችን ነው የተባለውን አስታውሳ፣ ከሥራ ስትወጣ በነርስ ልብሷ እንዳለች ወደ “የበረዶ ዘውድ” ሽያጭ ቢሮ ገባች። እዚያ ያለችው ሽቅርቅር ወጣት በፈገግታ ተቀበለቻት። “እንኳን ደኅና መጡ! ለመግዛት ነው?” አለቻት። “ለመከራየት፤ ለመኖር ነው” አለች ላዲና። “ለመኖር?” አለች ልጅቱ፣ በጣም ግራ ተጋብታ። “እዚህ? ዓመቱን ሙሉ? ውይ እህቴ፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ደንበኛ መጥቶ አያውቅም፤ አለቃዬን ልጠይቅልሽ።” አለቃዋም ጠየቀ፣ ተጠየቀ፣ በመጨረሻም አፓርታማው ለመኖሪያ እንዳልታሰበ አስረዷት። ሕጉ ለመኖሪያ ብቻ ይሁን ያለው ሕንፃ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ወደ እርስዎ መጣች፤ የዚያን ቀን ስብሰባ አልነበረም መሰለኝ አገኘችዎት። የነገሯትን ቃል በቃል ይዛልኝ መጥታለች፤ “ላዲናዬ፣ አንቺ እኮ ገና ወጣት ነሽ። ዘመኑ ተለውጧል። ታች ውረጂ፤ እዚያ ቤት ሞልቷል፤ በባቡር እየተመላለስሽ ትሠሪያለሽ። እኔ ብሆን ደስ ብሎኝ ነበር የማደርገው!” ብለዋታል። “ጋሽ ፍሉሪን፣ ልጆቼ ከሄዱ እኮ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል” ስትልዎ፣ “አይዞሽ፣ ለእሱ ደግሞ አንድ ነገር እናስባለን” ብለው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ሸኟት። ያሰቡትን አንድ ነገር ለማወቅ መምህሯም፣ የቀሩት ልጆች ወላጆችም በጉጉት እየጠበቁ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በሁለት ልጆች መጉደል እንደሚዘጋ የሚገልጸው ማስታወቂያ ግን ከሐሳብዎ ቀድሞ ደርሶናል።

እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ብተወው ይቅር ይበሉኝና፣ ተናድጃለሁ። ላዲና ያን ቀን ከቢሮዎ ወጥታ የእኔ ወጥ ቤት ገብታ ካርቶን ፈለገች፤ ዕቃ ልታስር። ሳታለቅስ ነው የፈለገችው፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የማያውቃት በሽተኛ የለም፤ ማደሪያ የሚሰጣት ግን ጠፋ። ካርቶኖቹን ከእጇ ነጥቄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኋቸው። አሁን ወደ ጨዋነቴ ተመልሻለሁ።

ሦስተኛ። ይህ አጭር ነው። አዲሶቹ ነዋሪዎቻችን በጠበቃቸው በኩል፣ ማለዳ ማለዳ ከተራራው ላይ የሚሰማው ፍንዳታ እንቅልፍ እንደሚነሣቸው አመልክተው፣ እርስዎም አቤቱታውን “በጥሞና” እንደሚመለከቱት መጻፍዎን ሰምተናል። ፍንዳታው የተከመረው በረዶ ተንዶ እንዳይቀብራቸው ሰዎቻችን ሆን ብለው የሚያፈነዱት ነው። ናዳው ከቁርስ በኋላ እንዲወርድ ሊያግባቡት ከቻሉ እኛ ተቃውሞ የለንም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ቅሬታ ሳይሆን ዜና ስለሆነ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በየዓመቱ በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ላሞቹ ወደ ላይኛው ግጦሽ ከመውጣታቸው በፊት፣ ናዳ ያወረደውን ድንጋይና የተሰባበረ ዛፍ ከመስኩ ላይ ለማንሣት ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይወጣል። ጠዋት ምንጩ ጋ እንሰበሰባለን፣ አለቃው ከመዝገቡ እያየ የነዋሪውን ስም ይጠራል፣ የተጠራውም “አለሁ!” ይላል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ፣ ስለ እርሱም “ታሟል” ወይም “ልጁን ልኳል” የሚል ሰው ያላገኘ፣ ቤቱ “ጭስ የሌለው ቤት” ተብሎ ይያዛል። ደንቡ የወጣው የመንደሩ ወንዶች ኬክ ጋጋሪ ለመሆን ባሕር ማዶ እየሄዱ በሚቀሩበት ዘመን ነው፤ ጭስ የሌለው ቤት ቁልፍ ለመንደሩ ይሰጥና፣ ባለቤቱ ተመልሶ ምድጃውን እስኪያነድ ድረስ መጠለያ ያጣ ቤተሰብ ይገባበታል። አርጅቷል፣ ተረስቷል እንዳይሉኝ፤ ባለፈው መኸር ከሌሎቹ ደንቦች ጋር ለጉባኤው አንብበው “ሕያው ቅርሳችን ነው” በማለት እንዲጸድቅ ያደረጉት ራስዎ ነዎት። ኩባንያውም ወድዶት ከሥዕል ጋር በማስታወቂያው መጽሔት ላይ “እውነተኛ የመንደር ኑሮ” በሚል ርዕስ አትሞታል።

እኔም አዲስ አለቃ ስለሆንሁ፣ ማንም ተለይቶ እንዳይቀር ተጠንቅቄ፣ በመዝገብ ላይ ላለ ነዋሪ ሁሉ፣ ለ“የበረዶ ዘውድ” ነዋሪዎችም ጭምር፣ የሥራ ጥሪ ላክሁ። በማግስቱ ስልክ ደወሉልኝ። ክብርዎን ለመጠበቅ ስል የተባባልነውን ባልጽፈው እወድ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ነዋሪዎቻችን እንዲህ ያለ ግልጽ ማብራሪያ ከእርስዎ አግኝቼ ስለማላውቅ መቅረቱ አሳዘነኝ።

“እትዬ ባርላ፣ ምን ነካሽ? እነዚህን ሰዎች ድንጋይ ልቀሙ ትያለሽ?” አሉኝ።

“ነዋሪ አይደሉም?” አልሁ።

“ነዋሪማ ናቸው! ግን... እንግዶች ናቸው እኮ!”

“ታዲያ እንግዳ ከሆኑ ልሰርዛቸው?”

“ኧረ እንዳትሰርዢ!” ብለው ጮኹ፤ ጆሮዬ እስካሁን ይደውላል። “ተያቸው በቃ! አትንኪያቸው፤ አሉ፣ ግን የሉም በያቸው!”

አሉ ግን የሉም የሚባል ዓምድ በመዝገቡ ላይ ብፈልግ አጣሁ፤ ስለዚህ ጥሪውን ሳልለውጥ ተውሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ምንጩ ጋ ተሰበሰብን። የነባሮቹን ስም ጨርሼ ወደ “የበረዶ ዘውድ” ስደርስ ሰው ሁሉ መሳቅ ጀመረ። የመጀመሪያውን ጠራሁ፣ ዝም። ሁለተኛውን፣ ዝም። ኦኖሪ ከኋላ “ማሽኑን ጥሪው!” ብሎ አሳቀን። ከዚያ “ዶክተር ኤጎን ሽትራይፍ!” ስል፣ “አለሁ! አለሁ! እዚህ ነኝ!” የሚል ድምፅ መጣና ሳቁ ቀጥ አለ። የዙሪኩ የጥርስ ሐኪም በአዲስ ነጭ ጃኬት፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ አካፋ ተሸክሞ፣ ከሰዎቹ መካከል እየተጋፋ ብቅ አለ። መጽሔቱን አንብቦ፣ ጥሪው ሲደርሰው ደግሞ የበዓል ግብዣ መስሎት፣ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ መምጣቱን በደስታ ነገረን።

ይህን ሰው እንዳይቆጡብኝ እለምንዎታለሁ። ከሁላችንም በላይ ሠርቷል። መዳፉ ተልጦ ላዲና ጨርቅ ጠቀለለችለት፣ ተመልሶም ሠራ። የ“የበረዶ ዘውድ” ሌላ ነዋሪ ግን አንድም አልመጣም። ምሳ ሰዓት ላይ የገብስ ሾርባውንና ቋንጣውን ይዘን ሣሩ ላይ በተቀመጥንበት፣ ሰውዬው በደስታ ብዛት ልቡን ከፈተልን። “እኔ ሞኝ፣ ሳላውቅ ቀርቼ! ሊቀመንበራችሁ ‘ስምህን ብቻ ስጠኝ እንጂ እዚህ መኖር ቀርቶ መምጣትም የለብህ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚጠይቅህ የለም’ ብሎኝ ነበር እኮ! እንዲህ ደስ የሚል ነገር መኖሩን ምነው ያኔ ቢነግረኝ?” አለ፤ መንደሩ በሙሉ እየሰማ። ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ። እሱ ያስደነገጠን የሾርባው ጣዕም ይሁን ሌላ ነገር ስላልገባው፣ “ምን አጠፋሁ?” ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ።

ላዲና ናት የመለሰችለት። “ምንም አላጠፉም ዶክተር። እኔ ከእርስዎ ሕንፃ በታች ባለው አሮጌ ቤት ነው የምኖረው፤ በሰኔ መጨረሻ እንወጣለን፤ በዚህ መንደር ለኛ የሚሆን ቤት የለም ተብለናል” አለችው። ሰውዬው መስኮቶቻቸው ወደ ተደፈኑት አፓርታማዎች ቀና ብሎ አየ፣ የሷን ቤት አየ፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ። “የኔ ሁለት መኝታ ቤት ባዶውን ነው...” ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። እርሱ አፍሯል፤ ይህን የምጽፈው ምናልባት በመንደራችን ማፈር የሚችል ነዋሪ መገኘቱን ማወቅ ይጠቅምዎት እንደሆነ ብዬ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ይህ ሁሉ በሚቀጥለው ዓርብ ለሚደረገው ጉባኤ እንደሚቀርብ አስቀድሜ ሳሳውቅዎ ክብር ይሰማኛል። የምጠይቀው ቀላል ነው። ሰዎቹ በእርግጥ ነዋሪዎቻችን ከሆኑ፣ በጥሪው ያልተገኙት ቤቶቻቸው በራስዎ ደንብ ጭስ የሌላቸው ናቸውና ቁልፎቻቸውን ያስረክቡ። ነዋሪዎቻችን ካልሆኑ ደግሞ አፓርታማዎቹ የተሸጡላቸው በሐሰት ነውና ጉዳዩ ሸለቆውን ተሻግሮ ዳኛ ፊት ይቅረብ። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻልዎ ለመምረጥ ሙሉ ነፃነት አለዎት፤ እኛ ነፃነትን የምንወድ ሕዝብ ነን። ለልጄ የተለየ ውለታ አልለምንም፤ ቁልፎቹ ሲመጡ ቤት ያጡት ሁሉ እኩል ዕጣ ያውጡ፣ እሷም እንደ ሌላው ትውጣ። ነገር ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ፤ ላዲና ታች አትወርድም። የቤት አፍራሹ ማሽን ሲመጣ እኔ ከነወንበሬ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። አውቶቡስ ስነዳ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ከትልቅ መኪና ጋር መፋጠጥ አያስፈራኝም። ካህኑም፣ መምህሯም፣ ድንጋይ ያነሡት ሁሉ ወንበራቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ኦኖሪም ሶፋውን አመጣለሁ ብሏል።

በመጨረሻም፣ ለሕዝባችን መበራከት፣ ለወል መስካችን መዋብ፣ ለእንቅልፋችንም መጠበቅ ላደረጉት ያልተቋረጠ ድካም ያለኝን ጥልቅ አክብሮትና ምስጋና እየገለጽሁ፣ ዕድሜ፣ ጤናና ያማረ ግብዣ ከዚህም በላይ እንዲያበዛልዎ እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የመሬት ግብሯን ከፋይ፣ ዓመቱን ሙሉ ምድጃዋን የምታነድ፣

ባርላ ዴፕላዝ
የወል ሥራ አለቃ፣ ፕላውንካ

ግልባጭ፦
ለሸለቆው ጋዜጣ
ለምንጩ ሰሌዳ
ለ“የበረዶ ዘውድ” ሽያጭ ቢሮ፣ ለመኖር የሚፈልግ ደንበኛ እንደገና ቢመጣ እንዳይደነግጡ

ፊርማዬን ካኖርሁ በኋላ ያስታወስሁት፦ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የእርስዎንም ስም ጠርቼ ነበር። ምናልባት ድምፄ አልተሰማ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ በደንብ ጮኽሁ። “ታሟል” የሚልም አልተገኘም፤ ከአጥርዎ ማዶ ያለችው ጎረቤትዎ ብቻ፣ “ፍሉሪን? እሱ እኮ ከገና ወዲህ ታች ሐይቁ ዳር ገብቷል፤ እዚህ የሚመጣው ለፊርማ ነው!” ብላ መለሰችልኝ። በመንደሩ የማይኖር ሰው የመንደሩ ሊቀመንበር ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚወስነው ጉባኤው ነው፤ እኔ በዚያ አልገባም። እኔን የሚመለከተኝ የተሰጠኝ ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ሰፊ ቤትዎን በጸደቀው ደንብ መሠረት በመዝገቡ መጀመሪያ መስመር ላይ ጭስ የሌለው ብዬ ይዤዋለሁ። ሐኪሙን ጨምሮ ድንጋይ ያነሡት ሁሉ በእማኝነት ፈርመዋል፤ ዕጣው ለማንም ቢወጣ መጋረጃ ያስፈልገዋልና፣ ላዲና ሰኞ ጠዋት ከልጆቿ ጋር ለመለካት ስለምትመጣ፣ ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር ቢተዉላት በቂ ነው።